ልጅ ሲያጠፋ ሕግ ምን ይላል?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። የወንጀል ሕግም በራሱ መንገድ ይህንኑ ይቀበላል፤ ልጅ የድርጊቱን ውጤት እንደ አዋቂ ስለማያመዛዝን ቅጣቱም እንደ አዋቂ አይሆንም። ልጅነት የት ላይ ያበቃል በሚለው ግን አገሮች አይስማሙም። በወንጀል ፍትሕ ኮርሴ ይህን ርዕስ ሳጠና የአገራችንንና የምንኖርባትን የአሜሪካን ሕግ ጎን ለጎን ለማየት ሞከርኩ። ለቤተሰቦቻችን ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

በኢትዮጵያ

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ዕድሜን በሦስት ይከፍላል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ይጠየቃል፤ ነገር ግን የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ጥፋተኞች ጋርም አይታሰርም (አንቀጽ 53)። ፍርድ ቤቱ ሊገሥጸው፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ እንዲቆይ ሊያዝ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ሊልከው ይችላል። ከ15 እስከ 18 ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል (አንቀጽ 56)። ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ሞት ግን አይፈረድበትም።

በእኔ አስተያየት ዘጠኝ ዓመት በጣም ዝቅተኛ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴም በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮች መነሻውን ቢያንስ 14 ዓመት እንዲያደርጉ መክሯል።

በአሜሪካ

እዚህ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ፣ ከግድያና በኃይል ከሚፈጸሙ የወሲብ ወንጀሎች በቀር፣ መነሻውን 12 ዓመት አድርጋለች፤ ብዙ ስቴቶች ግን ጭራሹኑ መነሻ ዕድሜ አልወሰኑም። ከባድ ክስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከወጣቶች ፍርድ ቤት ወደ አዋቂዎች ሊዛወር ይችላል።

የወጣት ተከሳሾችን መብት የቀየረው የጎልት ጉዳይ ነው። በ1964 በአሪዞና አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለጎረቤት ስልክ ደውሎ ጸያፍ ቃል ተናግሯል ተብሎ፣ ያለ ጠበቃ፣ እስከ 21 ዓመቱ በማረሚያ ተቋም እንዲቆይ ተወሰነበት። በዚያው ጥፋት አዋቂ ቢከሰስ ትልቁ ቅጣት 50 ዶላር ወይም የሁለት ወር እስራት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ውሳኔውን ሻረው፤ ልጅም ክሱን አስቀድሞ የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘትና ዝም የማለት መብት አለው አለ። ቤተሰቡ መክፈል ካልቻለ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ይመድባል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

አስተዳደጋችን በታላቅ ፊት አንገትን መድፋትንና «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» ማለትን ያስተምራል። ስለዚህ ልጅ ሲያዝ ብዙ ወላጅ «ሁሉንም ንገራቸው፣ ይለቁሃል» ይላል። ፖሊስ ግን የሠፈር ሽማግሌ አይደለም። ልጁ የተናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። «ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም» ማለት ውሸትም ብልግናም አይደለም፤ በትሕትና ሊባል ይችላል።

ዜጋ ላልሆነ ልጅ ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። በወጣቶች ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ በኢሚግሬሽን ሕግ እንደ ወንጀል ፍርድ በአብዛኛው አይቆጠርም። በአዋቂዎች ፍርድ ቤት የተፈረደበት ግን እንደ ጥፋቱ ዓይነት ግሪን ካርዱን እስከማጣትና ከአገር እስከመባረር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ጠበቃው ስለ ኢሚግሬሽን መዘዙ እንዲያስረዳው መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ይህን ማስረዳት የወንጀል ጠበቃ ግዴታ መሆኑን ወስኗል።

ብዙዎቻችን በቤታችን አስተርጓሚዎች ነን። ታናናሾች ያላችሁ፣ ይህንን ለወላጆቻችሁ በአማርኛ አስረዷቸው። ነገሩ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ዛሬ፣ ቡና ሲጠጣ።