ወንድማችን ስደት ላይ ሲያጨስ ምን ብለን እንጻፍለት?



እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ የምትኖር አንዲት እህት ለግፊት ክትትሏ መጥታ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ (ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዷ ነው)። ወንድሟ ጆሃንስበርግ ሱቅ ይሠራል። ዋትስአፑ ላይ ከላይ እስከ ታች የእሷ መልእክት ብቻ ነው፦ «ሳንባህ አለቀ»፣ «እማዬን ልትገድላት ነው?»፣ የጠቆረ ሳንባ ፎቶ። «ዶክተር፣ በየቀኑ እመክረዋለሁ፣ እሱ ግን ጭራሽ ዘጋኝ» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም እዘጋት ነበር። ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ዘረፋው ያሰጋዋል፣ ብቸኝነቱም አለ፣ ሲጋራው ደግሞ እጁ ሥር ነው። እንደሚጎዳው ጠፍቶት አይደለም። የቸገረው ሐራራው ሲነሳበት ምን እንደሚያደርግ ነው።

የስልክ መልእክት ግን በአግባቡ ከተላከ ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ 5,800 አጫሾችን ያሳተፈ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። ለማቆም የሚያግዝ መልእክት ከተላከላቸው ውስጥ 10.7 በመቶው ስድስት ወር ሙሉ ሳያጨሱ ቆይተዋል፤ ስለ ማቆም የማያወራ መልእክት ከደረሳቸው ደግሞ 4.9 በመቶው። በአፍ ብቻ አልታመኑም፣ ምራቃቸው ተመርምሯል። «አስር በመቶ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ከእጥፍ በላይ ናት እኮ፣ ያውም በጽሑፍ መልእክት!

እኔን የገረመኝ አሠራሩ ነው። የሚያቆሙበትን ቀን ራሳቸው ይቆርጣሉ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በቀን አምስት መልእክት ይደርሳቸዋል፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት። ሐራራው ሲይዛቸው አንዲት ቃል ከላኩ ወዲያው ምላሽ ይመጣላቸዋል።

እኛም ይህንኑ በአማርኛ ሞከርነው። መጀመሪያ «ማቆም ትፈልጋለህ?» ብላ ጠየቀችው። ከአራት ቀን በኋላ «እፈልጋለሁ፣ ግን አትጨቅጭቂኝ» አለ። ሰኞን መረጠ። የሚልከው ቃል «ተነሳብኝ» ሆነ፤ እሷም ሳትመክር «ውኃ ጠጣ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሥ፣ አለሁ» ትለዋለች። ሐራራ አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ቆይቶ ይበርዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው፤ ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ ባብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ስለዚህ መልእክቱ መብዛት ያለበት ያኔ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ ሱቁን የሚዘጋበትን ሰዓት አስልታ ትጽፍለታለች።

ሲጋራውን ከእጁ ሥር አንስቶ ከኋላ መደርደሪያ ላይ አደረገው። ፋርማሲ ሄዶ ቆዳ ላይ ስለሚለጠፍ ኒኮቲን እንዲጠይቅም ነገርኳት፤ መልእክትና መድኃኒት አብረው ቢሄዱ ይሻላል። ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ደም ከቀላቀለ ወይም ሌሊት የሚያልበው ከሆነ ግን ማቆሙን ሳይጠብቅ ይመርመር። ቲቢ ሊሆን ይችላል።

በአሥራ አንደኛው ቀን «አጨስኩ» ብሎ ጻፈላት። ደውላ «ምን ልበለው?» አለችኝ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እንዳትሰድቢው አልኳት። «አንድ ናት። የከፈትከውን ፓኮ ለሰው ስጥ። ነገ ጠዋት እጽፍልሃለሁ» ብላ ላከች።

«ሦስት ናቸው» ብሎ መለሰ። «ግን እሺ።»