ፎቶግራፍን «ማስተላለፍ»፦ አንድ ቃል የሸፈናቸው ሦስት ድርጊቶች

1. መነሻ

በዲጂታል ካሜራ የተነሣን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ዛሬ በየከተማው ፎቶ ቤት የዘወትር ሥራ ሆኗል። ሥራውን የሚያስተምረው መመሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ቃል «ማስተላለፍ» የሚለው ነው። ቃሉ የታወቀና የጠራ መስሎ ይታያል፤ ይሁንና ለፎቶ አንሺው እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ጥያቄ፣ ማለትም ፎቶግራፉ በካሜራው ውስጥ ይቀራል ወይስ አይቀርም የሚለውን፣ ሳይመልስ ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ቃሉ የሸፈናቸውን ሦስት ድርጊቶች ለይተን፣ ለእያንዳንዳቸው በሕዝቡ አፍ ካሉት ቃላት የሚስማማውን ለመመደብ እንሞክራለን።

ምሳሌዎቻችንን ከቡሌ ሆራና ከቦረና ከተሞች የምንወስደው በሁለት ምክንያት ነው። ቡሌ ሆራ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል የነበረች፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የምዕራብ ጉጂ ዞን ከተማ ናት። በዚህች ከተማም ሆነ በያቤሎና በነገሌ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ የመረጡትን መንገድ ማነጻጸር ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት በአካባቢው ለካሜራ ከሚቀርቡት ሥርዓቶች አንዳንዶቹ በቶሎ የማይደገሙ መሆናቸው ነው። የቦረና የገዳ ሥልጣን ርክክብ የሚከናወነው በየ8 ዓመቱ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በአሬሮ ከተከናወነው ቀጥሎ የታየው በ2017 ዓ.ም. ነበር። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ተነሥቶ ፎቶግራፉ ቢጠፋ፣ ሌላ ለማንሣት 8 ዓመት መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የቃል ምርጫው የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

2. ከፊልም ወደ ካርድ

በፊልም ዘመን የፎቶ ቤት ቃላት እንደ ሥራው ቅደም ተከተል የተደላደሉ ነበሩ። ፎቶ አንሺው ያነሣል፤ ፊልሙ በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ይታጠባል፤ ከታጠበው ፊልም ኔጋቲቭ ይገኛል፤ ከኔጋቲቩም በወረቀት ላይ የተፈለገው ያህል ይታተማል። መቶ ጊዜ ቢታተም ኔጋቲቩ አይጎድልም። መነሻውና ቅጂው በዓይን ስለሚለዩ አንዱን ከሌላው ማምታታት አይቻልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሶን ያለ ፊልም የሚሠራ ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ይህ ካሜራ አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በዛሬው ካሜራ ፎቶግራፉ የሚያርፈው የጥፍር ያህል በምታንስ የማኅደረ ትውስታ ካርድ ላይ ነው፤ ሕዝቡ «ሚሞሪ» የሚላት ናት። ከፊልሙ የምትለይበት ዋና ነገር ተጠርጋ እንደገና የምትሠራ መሆኗ ነው። ኔጋቲቭ በሣጥን ይቀመጥ ነበር፤ ካርዷ ግን ለነገው ሠርግ ባዶ እንድትሆን ትፈለጋለች።

የፊልሙ ዘመን ቃላት ከዕቃው በኋላም ቆይተዋል። ውኃም መድኃኒትም በሌለበት ዛሬም «ፎቶ ላሳጥብ ነው» የሚል ደንበኛ ይገኛል። ይህ አነጋገር ማንንም ስለማይጎዳ ማረም አያስፈልግም፤ ደንበኛውም ባለፎቶ ቤቱም የወረቀት ፎቶ እንደሚፈለግ ያውቃሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሰሚውና ተናጋሪው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲረዱ ነው።

3. የ«ማስተላለፍ» አሻሚነት

«አስተላለፈ» የሚለው ግሥ በአማርኛ የሚሰጠውን አገልግሎት እንመልከት። መልእክት ያስተላለፈ ሰው መልእክቱን አይረሳውም፤ ነገሩ ከእርሱም ዘንድ ይቀራል። በሽታ ያስተላለፈም ከበሽታው በማስተላለፉ አይድንም። ቤቱን በሽያጭ ያስተላለፈ ግን ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ግሡ አንድ ሲሆን በሁለቱ አገባብ ነገሩ ከመነሻው ይቀራል፤ በሦስተኛው አይቀርም። የሚወስነው የሚተላለፈው ነገር ጠባይ ነው።

ፎቶግራፍ ከየትኛው ወገን ነው? አንባቢው እንደ መልእክት ካየው ይቀራል ብሎ ያስባል፤ እንደ ንብረት ካየው ሄዷል ይላል። «ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒዩተር ካስተላለፉ በኋላ ካርዱን ይጠቀሙ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለመጀመሪያው አንባቢ ካርዱ አሁንም ሙሉ ነው የሚል ትርጉም ሲሰጠው፣ ለሁለተኛው ካርዱ ባዶ ነው የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። በመሆኑም «ማስተላለፍ» ለጠቅላላው ሥራ መጠሪያ፣ ለምሳሌ ለምዕራፍ ርእስ፣ ይሁን እንላለን፤ ለተጠቃሚው በሚሰጥ ትእዛዝ ውስጥ ግን ባይገባ ይመረጣል።

4. ሦስቱ ቃላት

ሀ) መቅዳት። መነሻው ሳይነካ ሁለተኛ እርሱን የመሰለ መሥራት ነው። ቃሉ በስልክና በኮምፒዩተር የአማርኛ ገጾች «ቅዳ» ተብሎ ገብቷል። ተቃውሞ ቢነሣ የሚነሣው «ውኃ ቀዳ» ከሚለው ነው፤ ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ከጉድጓዱ ይጎድላልና። በቦረና ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ ወደ ከብቱ ገንዳ ሲያደርሱ የሚታየው ይኸው ነው። ነገር ግን «መዝሙር ቀዳ»፣ «ድምፅ ቀዳ» ስንል ከመነሻው የሚጎድል እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ኦሮምኛም «ወራቡ» በሚለው ግሥ ውኃ መቅዳትንም ድምፅ መቅረጽንም ይገልጻል። ሁለቱ ቋንቋዎች የተገናኙበት ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ሥር የሰደደ ስለሆነ ቃሉን በእምነት መቀበል ይቻላል።

ለዚሁ ፅንሰ ሐሳብ «መገልበጥ» የሚለውም አለ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚለውን የማያውቅ ጸሐፊ የለም፤ የኦሮምኛው «ገረገልቻ» የሚባለው ቃልም እንዲሁ ከመገልበጥ የመጣና በደብዳቤ ግርጌ የሚጻፍ ነው። ሆኖም ለፎቶግራፍ «ገልብጥ» ብንል «አዙር» ወይም «ዘቅዝቅ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ይጋጫል፤ ፎቶግራፍ በእርግጥም ይዞራልና። ስለዚህ «ግልባጭ» ለጽሑፍ፣ «ቅጂ» ለፎቶግራፍ ቢመደቡ መልካም ነው።

ለ) ማዛወር። ነገሩ ከመነሻው ተነሥቶ በሌላ ቦታ ብቻ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ከያቤሎ ወደ ቡሌ ሆራ የተዛወረ መምህር በያቤሎ የደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኝም። የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ዝውውር ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ቃሉ ማብራሪያ አይፈልግም። በኮምፒዩተር «ቁረጥ» እና «ለጥፍ» የሚባሉት ሁለት ትእዛዞች ተከታትለው ሲሰጡ የሚያከናውኑት ይህንኑ ነው። ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር ሲሆን መሣሪያው በውስጥ የሚያደርገው ቅጂ ሠርቶ መነሻውን ማጥፋት ነው። በዚህ መካከል መብራት ቢቋረጥ ወይም ገመዱ ቢነቀል ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሆኖ ሊቀር፣ አንዳንዱም ሊበላሽ ይችላል።

ሐ) ማጥፋት። በብዙ ገጾች ለዚህ «ሰርዝ» የሚለው ቃል ገብቷል። እኛ ግን «አጥፋ» የሚለውን እንመርጣለን። ምክንያቱም ቀጠሮ፣ ውል፣ ጉዞ የሚሰረዙት ሊደረጉ ታስበው ሲቀሩ ነው። ኮምፒዩተሩ «ፎቶዎቹ ከካርዱ ይጥፉ?» ብሎ ሲጠይቅ ከታች «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ቢቀርብ፣ አንዱ «ፎቶውን አጥፋ» ሲለው ሌላው «ሐሳቡን ተው» ይለዋል፤ ሁለተኛው ፎቶውን አዳንሁ ብሎ ሲጫን ያጠፋዋል። ስለዚህ ለፋይሉ «አጥፋ»፣ ለታሰበው ድርጊት «ተው» ተብሎ ቢለይ አደጋው ይወገዳል።

5. አብረው የሚመጡ አሻሚ ቃላት

«ጫን» ማለት ቁልፍን መጫን፣ ፕሮግራምን በኮምፒዩተር ላይ መትከል፣ ፎቶግራፍን ወደ ኢንተርኔት ማውጣትም ይሆናል። በአንድ መመሪያ ውስጥ ሦስቱም ከመጡ፣ ለመጀመሪያው «ተጫን» ብቻ ተወስኖ ለሌሎቹ «ትከል» እና «ስቀል» ቢባል ይሻላል። «ፍላሽ» በፎቶ ቤት የካሜራው ብልጭታ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ሱቅ ፋይል የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ «የካሜራው ፍላሽ» ወይም «ፍላሽ ዲስክ» ተብሎ ይጻፍ።

«ፎርማት» የሚለውን አንዳንድ ተርጓሚ «ካርዱን አጽዳ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። አንባቢው ጨርቅ አንሥቶ ካርዱን ቢወለውል አይፈረድበትም፤ ከዚህ የከፋው ግን ድርጊቱ ፎቶግራፎቹን ሁሉ የሚያጠፋ መሆኑ በቃሉ ውስጥ አለመሰማቱ ነው። ለዚህ ባዕዱን ቃል ይዞ «በካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባል። የአገር ቃል መምረጥ መልካም የሚሆነው ነገሩን ሲገልጽ ብቻ ነው።

የፋይል ስምም ተርጓሚውን ይመለከታል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ለፎቶግራፍ አራት ፊደልና ከ0001 እስከ 9999 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ሲሞላ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። የዛሬው 0001 የአምናው 0001 ባለበት ማኅደር ቢቀዳ ኮምፒዩተሩ «ይተካ?» ብሎ ይጠይቃል። «ይተካ» ማለት የቀድሞው ይጥፋ ማለት መሆኑን መመሪያው መናገር አለበት። ማኅደሩን በቀን መሰየም ችግሩን ያቃልላል፤ ነገር ግን ካሜራው የሚመዘግበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከእኛ ዘመን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት እንዳለው ተገልጾ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በስሙ ላይ መመልከት አለበት።

6. የአክብሮት አነጋገር

በገጹ ላይ ያለው «ቅዳ» ተጠቃሚው ለመሣሪያው የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፤ በነጠላ መሆኑም ተገቢ ነው። መመሪያው ለሰው ሲናገር ግን «ይቅዱ» ማለት ይኖርበታል። ሁለቱ ሲለዩ አንባቢው የትኛው በገጹ ላይ የሚፈለግ ቃል፣ የትኛው ለእርሱ የተነገረ ምክር እንደሆነ ያውቃል። እስካሁን ያልነው ሁሉ በናሙና ሲቀርብ የሚከተለውን ይመስላል፦

1ኛ) ካሜራውን ያጥፉና ካርዱን አውጥተው በካርድ ማንበቢያው ውስጥ ያስገቡ።
2ኛ) በኮምፒዩተሩ ላይ በዕለቱ ቀን የተሰየመ አዲስ ማኅደር ይክፈቱ።
3ኛ) ፎቶዎቹን ሁሉ መርጠው «ቅዳ» የሚለውን፣ በአዲሱ ማኅደር ውስጥም «ለጥፍ» የሚለውን ይጫኑ። «ቁረጥ» የሚለውን አይጠቀሙ።
4ኛ) የፎቶዎቹ ብዛት በካርዱና በማኅደሩ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ የተወሰኑትንም ከፍተው ይመልከቱ።
5ኛ) ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዕቃ ላይ ያስቀምጡ።
6ኛ) ካርዱን ከመንቀልዎ በፊት በኮምፒዩተሩ ላይ «አስወጣ» የሚለውን ይጫኑ።
7ኛ) በካርዱ ላይ ያሉትን የሚያጠፉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በስሕተት የጠፋ ቢኖርም መመሪያው አንድ ነገር ቢጨምር ይጠቅማል። ፎቶ ከካርድ ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ ቦታው ነፃ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ይዘቱ ወዲያው አይፋቅም። በዚያ ካርድ አዲስ ፎቶ እስካልተነሣ ድረስ በልዩ ፕሮግራም የመመለስ ተስፋ አለ።

7. ማጠቃለያ

ለዚህ ሥራ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም። መቅዳት፣ ማዛወርና ማጥፋት በሕዝቡ አፍ የኖሩ ናቸው፤ የጎደለው ለየትኛው ድርጊት የትኛው እንደሚውል መወሰን ነበር። ተርጓሚው ባዕድ ግሥ ባጋጠመው ጊዜ «አማርኛው ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ከድርጊቱ በኋላ ነገሩ የት ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከሦስቱ አንዱ በቀላሉ ይመጣለታል። ይህ ጥያቄ ከፎቶግራፍ ውጭ ለሌላውም የኮምፒዩተር ሥራ ያገለግላል።