የባሕር ኃይል በሳይንስ ልብወለድ ድራማዎች

የሳይንስ ልብወለድ የቴሌቪዥን ድራማ ከባሕር ኃይል ሁለት ነገር ሲወስድ ኖሯል፦ ሥርዓቱንና መርከቡን። ሥርዓቱን ለመውሰድ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። መርከቡን ለመዋስ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ የዘርፉ ዋና ጥያቄም፣ በተዋሰ መርከብ ባለቤቱን መጠየቅ ይቻላል ወይ የሚለው፣ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው «ስታር ትሬክ» ሥርዓቱን ከወሰዱት አንዱ ነው። ጉዞው በጠፈር ቢሆንም ካፒቴኑ፣ ማዕረጎቹና የዕዝ ሰንሰለቱ ከባሕር የመጡ ናቸው። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ ካፒቴኑን ሲቀርጽ የሲ. ኤስ. ፎረስተርን ልብወለዶች ጀግና፣ እንግሊዛዊውን የባሕር ኃይል መኮንን ሆርንብሎወርን ተከትሏል። የመንኮራኩሯ ስም «ኢንተርፕራይዝ»ም የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች ሲጠሩበት የኖረ ነው።

መርከቡን በመዋስ ረገድ የቢቢሲው «ዶክተር ሁ» ልዩ ቦታ አለው። በ1972 በስድስት ክፍል የቀረበውና ማልኮም ሀልክ የጻፈው «የባሕር ሰይጣኖች» የተቀረጸው በብሪታንያ ባሕር ኃይል ትብብር ነው። የቢቢሲ በጀት የማይደፍረውን መርከብና መሣሪያ ባሕር ኃይሉ አቀረበ፤ መርከበኞችም በፈቃደኝነት ተዋናይ ሆኑ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩን፣ የተጫወተው ጆን ፐርትዊ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይሉ አባል ነበር። ታሪኩ ከሰው ልጅ በፊት ምድርን ይገዙ ስለነበሩ፣ ከረጅም እንቅልፍ ስለነቁ ፍጡራን ነው። ዶክተሩ ከመሪያቸው ጋር ዕርቅ ሲጀምር፣ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ባዘዘው ጥቃት ድርድሩ ይፈርሳል። ጥቃቱን የሚፈጽመው ደግሞ ያው መርከቦቹን ያዋሰው ባሕር ኃይል ነው።

ከ2014 እስከ 2018 የታየው የአሜሪካው «ዘ ላስት ሺፕ» ሌላ መንገድ ይዟል። ወረርሽኝ አብዛኛውን የዓለም ሕዝብ ሲፈጅ፣ «ናታን ጄምስ» የተባለች የጦር መርከብ መድኃኒት የምትፈልግ ሳይንቲስት ይዛ ትጓዛለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እውነተኛ የጦር መርከቦቹን ለቀረጻ ፈቅዷል፤ በድራማውም የዓለም አዳኝ እሱው ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እንዲህ ያለ ድጋፍ ከመስጠቱ በፊት ስክሪፕቱን ይመረምራል።

እውነተኛ ብረትና እውነተኛ መርከበኛ ለፈጠራ ታሪክ ክብደት ይሰጣሉ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ደራሲ መርከብ ሲዋስ ኅሊናውን ማስያዝ የለበትም። «የባሕር ሰይጣኖች» የኃይልን አጠቃቀም በባለ ኃይሉ እገዛ መጠየቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ ከዚህ ዘርፍ የምንጠብቀው መለኪያም ይኸው ሊሆን ይገባል።