በደጋ አገር ለሚሠራ ወፍጮ ቤት የአየር ማራገቢያ ሲገዛ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ይጁቤ የእህል አገር ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ ወፍጮ ቤት ለነጋዴውም ለባላገሩም ዋና መገልገያ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም «አገሩ ደጋ ነውና ሙቀት አያሠጋም» የሚለው አሳብ ባለንብረቱን ለኪሣራ ይዳርገዋል። ውጭው ቢበርድም፣ ሞተሩና የወፍጮው ድንጋይ በሚሠሩበት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ የጣራው ቆርቆሮም በፀሐይ ሲግል፣ ሙቀቱ ሠራተኛውን ያደክማል፤ የሞተሩንም ዕድሜ ያሳጥራል። ትኩስ ዱቄት ሳይበርድ በጆንያ ከተከተተ ደግሞ ያልበዋል፤ ውሎ አድሮም ይሻግታል።

ወጪው የሚያንሰው መድኃኒት የቤቱን አሠራር ማስተካከል ነው። ሙቅ አየር ቀላል በመሆኑ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ነፋስ በሚመጣበት ወገን ከግድግዳው ግርጌ፣ ሙቁ የሚወጣበትም ከጣራው አናት ላይ ሊከፈት ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ በጨመረ መጠን የአየሩ ስበት ይበረታል። የላይኛው መውጫ ዝናብ እንዳያስገባ በቆርቆሮ ቆብ ይከደናል።

ይህ ያልበቃ እንደ ሆነ ማራገቢያ ያስፈልጋል፤ አስመጪውም መጠንቀቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአምራቾች ካታሎግ የሚጻፈው የማራገቢያ ልክ በተለምዶ የሚሰላው አንዱ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎግራም ይመዝናል ተብሎ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ላይ ባለው አየር ነው። ከፍታው 2,400 ሜትር ያህል በሆነው በደብረ ማርቆስ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ያው ሜትር ኩብ 0.9 ኪሎግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ማራገቢያው ያንኑ መጠን አየር ቢያንቀሳቅስም፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀት በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል።

ለምሳሌ 10 ኪሎዋት ሙቀት የሚለቀቅበት ቤት ከውጭው አየር ከ5 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ቢፈለግ፣ በጅቡቲ ወደብ በሰዓት 6,000 ሜትር ኩብ አየር ሲበቃ፣ በደብረ ማርቆስ 8,000 ያህል ያስፈልጋል። ይህን ሳያሰላ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሙቀቱን አያስወጣም።

ሞተሩም እንዲሁ ነው። ተራው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚመረጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚሠራ ሥራ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ በስሱ አየር እንደ ልቡ አይቀዘቅዝም። የናፍጣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የጢሱም ቧንቧ ከቤት ውጭ መውጣት አለበት። የሚቦነው ዱቄት እሳት የሚያያዝ ስለ ሆነ፣ የማራገቢያው ሞተር ብናኝ የማያስገባ ዝግ ዓይነት እንዲሆን ያስፈልጋል።

እንግዲህ አስመጪው ትእዛዙን ሲልክ፣ ዕቃው የሚሠራበትን ስፍራ ከፍታና የሚለቀቀውን ሙቀት ለይቶ ይጻፍ፤ ባለሱቁም ሲሸጥ ይህንኑ ለገዢው ያስረዳ። አንድ መስመር ጽሑፍ መጨመር የማይረባ ዕቃ ከጅቡቲ ድረስ አስጭኖ ከመክሰር ያድናል።