ዘመኑን የሚናገር የሰሌዳ ቁጥር

በካይሮ ደቡባዊ ክፍል በሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር አንድ የአገሬ ሰው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በሜትሮ ከመተካቱ አስቀድሞ ከባብ አል-ሉቅ ወደ ሔልዋን ይመላለስ የነበረውን ባቡር ከነጣቢያውና ከነሱቆቹ በካርቶን አሳንሶ ሲሠራ፣ ሐዲዱንም ዛፉንም ከፈጸመ በኋላ፣ ጥፍር በምታህል የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ፊት ሳምንት ሙሉ ቆመ፤ በ1930ዎቹ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን የስልክ ቁጥር አላወቀምና።

ይህ ለተመልካች ከንቱ ድካም ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ተመዝጋቢው ሲበዛ ቁጥሩም አኃዝ እየተጨመረበት ስለሚረዝም፣ ርዝመቱ ብቻውን የዘመን ምስክር ነው። በካይሮ ሰባት አኃዝ የነበረው የቤት ስልክ ፊቱ 2 ተቀጥሎለት ስምንት ሆኗል፤ የእጅ ስልኩም በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ከዐሥር ወደ ዐሥራ አንድ አደገ። በእኛም አገር የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ቁጥር 51 72 00 የነበረው፣ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ለውጥ 551 72 00 ተባለ። ለንደኖች ደግሞ የማዞሪያውን ስም ከቁጥሩ ጋር ይጠሩ ስለ ነበር፣ የስኮትላንድ ያርድ ፖሊስ «ኋይትሆል 1212» በመባል ታወቀ፤ ስሙ በአኃዝ ሲተካ እንኳ 1212 አልተነካም።

እንግዲህ ሠሪው ቁጥር ከልቡ ሊፈጥር አይገባውም፤ የሌላ ከተማ ወይም የሌላ ማዞሪያ ቁጥርም ቢዋስ ያው ሐሰት ነው። የሚታመነው የዚያው ሰፈርና የዚያው ዓመት ወረቀት ነው፦ ደረሰኝ፣ የንግድ ደብዳቤ ራስጌ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ፤ ወይም በካይሮ በፈረንሳይኛ ይታተም የነበረው የንግድ መዝገብ። ጎረቤቴ በአሮጌ መጻሕፍት ገበያ በሱር አል-አዝበኪያ ብዙ አቧራ ከጠጣ በኋላ አንድ ደረሰኝ አገኘ። የባለቤቱን ቁጥር እንዳለ አልገለበጠም፤ የአኃዙን ብዛትና ከፊቱ የሚቆመውን፣ ስልክ ማለት የሆነውን አንዱን የዐረብ ፊደል ብቻ ወሰደ። በእኔ አስተያየት መልካም አደረገ፤ የሰው ቁጥር የሰው ነው።

የቀረው የአኃዙ መልክ ነበር። የግእዝ አኃዝ ለዐሥሩም ለመቶውም የየራሱ ምልክት ስላለው ዜሮ አያሻውም፤ ስለዚህም ለስልክ አይመችም። ዐረቦቹ በግብፅ የሚጽፉት አኃዝ ግን ዜሮ አለው፤ ሆኖም ዜሮው ነጥብ ሲሆን፣ ክብ የሆነውና እኛ ዜሮ ነው የምንለው አምስት ነው። ጎረቤቴ ይህን ዘንግቶ በዜሮ ፈንታ አምስት ስለ ጻፈ፣ የሰፈሩ ልጅ አይቶ እስኪስቅበት ድረስ ሳያስተውል ቀረ።

ሰሌዳው እንደ ገና ተቀባ። አዲሱ ዜሮ በመርፌ ጫፍ የተቀመጠ አንድ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ለማየት መነጽር ይዞ መቅረብ ያሻል።