ጸጥታን የሚያለማምድ ሲኒማ

በዛሬው ዘመን ከ13 ዓመት በላይ ያሉ ልጆቻችን ዓይናቸው በሚሮጥ ሥዕል ስለ ተያዘ፥ አንድን ነገር ረጋ ብሎ መመልከት ይከብዳቸዋል። ብዙ ወላጆች ይህን አይተው ይቈጣሉ። እኛ ግን ሥዕሉን ከመከልከል ይልቅ የተሻለውን ማሳየት ይበልጣል እንላለን።

ታሪክ የማይተርክ፥ ነገር ግን እንደ ቅኔ በጥቂቱ ብዙ የሚያሳስብ ሲኒማ አለና። የሆላንድ ሰው ዮሪስ ኢቨንስ ከማኑስ ፍራንከን ጋራ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1929 የሠራው «ዝናብ» የሚባለው ፊልም 12 ደቂቃ ያህል ነው። በአምስተርዳም ከተማ ጠብታው በውሃ ላይ ይወድቃል፤ ጃንጥላው ይዘረጋል፤ በመጨረሻም ዝናቡ ያባራል። የአንድ ቀን ዝናብ ይመስላል እንጂ የብዙ ወራት ድካም ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ቤይሊም በ1966 በካሊፎርኒያ ያነሣው ፊልም 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ከአንዲት ሴት ዘፈን ጋራ አሮጌ አጥርንና ቀይ ጽጌረዳን ሳይቋረጥ በዝግታ እየተከተለ ወደ ሰማይ ይወጣል።

ለአንድ ምሽት አንድ ፊልም ይበቃል። አባትና እናት አብረው ይቀመጡ፤ የእጅ ስልካቸውንም እነርሱ አስቀድመው ያኑሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ትርጓሜውን እንደ ፈተና መጠየቅ አይገባም፤ «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ማለት ይሻላል። የቅኔ ተማሪ እንኳ ወርቁን ሳያገኝ በፊት ሰሙን ይመለከታልና። ልጁ ሰለቸኝ ቢል አይገደድ፤ በሌላ ቀን ይሞከር።

ከወላጁ ጋራ በጸጥታ መቀመጥን የለመደ ልጅ፥ ልቡን የሚያስጨንቅ ነገር በመጣበት ጊዜ ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል።