ለታቸር የጎደሉት አራት ድምፆች

«የ1922 ኮሚቴ» የሚለው ስም ያሳስታል። ኮሚቴው የተቋቋመው በ1923 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ስሙን ያገኘው መሥራቾቹ ፓርላማ ከገቡበት የ1922 ምርጫ ነው። የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሹመት የሌላቸው የፓርላማ አባላት የሚመክሩበት ስብስብ ሲሆን፣ የፓርቲው መሪ ሲመረጥ ምርጫውን የሚያስፈጽመውም እሱ ነው።

እስከ 1965 ድረስ መሪ በድምፅ አይመረጥም ነበር። የፓርቲው ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ አንድ ሰው ይወጣል። የፓርቲው የፓርላማ አባላት ድምፅ መስጠት ሲጀምሩ ግን ጠንከር ያለ ደንብ ተበጀ፤ በመጀመሪያው ዙር ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይበቃም ነበር፣ ተከታዩን በ15 በመቶ መብለጥም ያስፈልግ ነበር። ለ1975ቱ ምርጫ ደግሞ ደንቡ ጠበቀ። 15 በመቶው የሚሰላው ድምፅ ከሰጡት ሳይሆን የመምረጥ መብት ካላቸው ሁሉ ሆነ። ለማንም ያልመረጠ ሰው እንኳ መሪውን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ማርጋሬት ታቸር የወቅቱን መሪ ኤድዋርድ ሂዝን የጣሉት በዚሁ ደንብ ነበር።

ኅዳር 20 ቀን 1990 ደንቡ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደነበሩት ወደ ታቸር ዞረ። መንግሥታቸው ያመጣው የነፍስ ወከፍ ግብር አገሩን አስቆጥቶ፣ ሚኒስትራቸው ጄፍሪ ሃውም በአውሮፓ ጉዳይ ተጣልተዋቸው ከሥልጣን ለቀው ነበር። ታቸር ለጉባኤ ፓሪስ ሳሉ ለንደን ላይ ድምፁ ተቆጠረ፤ ታቸር 204፣ ተፎካካሪያቸው ማይክል ሄሰልታይን 152፣ ለማንም ያልሆኑ 16። መራጮቹ 372 ስለሆኑ የሚያስፈልገው ብልጫ 56 ነበር። ያገኙት 52 ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዙር አስፈለገ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ደግ ነው። ከሄሰልታይን ሁለት ሰዎች ብቻ ወደ ታቸር ቢዞሩ 206 ለ150 ይሆን ነበር፤ ልክ 56። ከአሥራ ስድስቱ አራቱ ቢመርጧቸውም እንደዚያው። በማግስቱ ግን ሚኒስትሮቻቸው አንድ በአንድ እየገቡ «እኔ ከጎንዎ ነኝ፣ ግን አያሸንፉም» አሏቸው፤ ኅዳር 22 እንደሚለቁ አስታወቁ። በሁለተኛው ዙር 185 ድምፅ አግኝተው የተኳቸው ጆን ሜጀር በመጀመሪያው ዙር ዕለት ጥርሳቸውን ታክመው ቤታቸው እያገገሙ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆንስ? ሜጀር ያን ጊዜ ለመሪነት አይወዳደሩም ነበር። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የግብሩ ነገር ነው። ባለጸጋውም ድኻውም በአንድ ሰፈር እኩል የሚከፍሉበትን ያንን ግብር ለማስቀረት ሥራውን የመሩት፣ በሜጀር መንግሥት ሚኒስትር የሆኑት ሄሰልታይን ናቸው። ታቸር ቢቆዩ ኖሮ ያን ሁሉ ቤተሰብ ሲያስጨንቅ የነበረው የክፍያ ወረቀት በቶሎ የሚቀር አይመስለኝም።

ያንን ግብር ተሸክመው በ1992 ወደ ምርጫ ቢገቡ ደግሞ ይሸነፉ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሜጀር ራሳቸው ያሸነፉት በ21 ወንበር ብልጫ ብቻ ነው። ያኔ የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ መሪ ኒል ኪኖክ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናሉ። በእውን ግን ኪኖክ የፓርቲ መሪነቱን የለቀቁት ስለተሸነፉ ነው፤ ቦታቸውን ጆን ስሚዝ ያዙ፣ ስሚዝ በ1994 ሲያርፉ ቶኒ ብሌር ተተኩ። ኪኖክ አሸንፈው ቢሆን ብሌር በ1994 የፓርቲ መሪነቱን የሚያገኙበት በር አይከፈትም ነበር።